የምትተኙበትን ተሳቢ ጎንበስ ብላችሁ እዩት

ሰሞኑን ከአሜሪካ ስልክ ተደወለልኝ። ድሬዳዋ፣ ከዚራ፣ ቤቴ ደጃፍ ካለው ዛፍ ሥር ቁጭ ብዬ ንፋስ እየተቀበልኩ ነበር። ደዋዩ የሳቢያን ሰፈር ልጅ ነው። እዚያ ትልቁን መኪና ይነዳል። ባለፈው ዓመት ደግሞ ለቤተሰቡ ፊፍዝ ዊል ገዝቷል፤ አንገቱ ፒክአፕ ላይ የሚያርፈውን፣ መኝታና ወጥ ቤት ያለውን ተሳቢ ማለቴ ነው። ልጆቹን ይዞ ከዳላስ ወደ ኮሎራዶ ሲሄድ መንገድ ዳር አቁሞ ነው የደወለው። በቪዲዮ፣ ስልኩን በጎማዎቹ መሀል አስገብቶ።

«አቦ ጋሼ፣ እስቲ ይቺን እያት» አለኝ። የድሬ ልጅ አንቱታ ብዙ አይሆንለትም፤ እኔም እንዲያ ሲሉኝ ደስ ይለኛል።

አየኋት። የፊተኛውና የኋለኛው ጎማ ሊነካኩ ምንም አልቀራቸውም። በመሀላቸው ያለው ኢኳላይዘር ተገልብጧል። ኢኳላይዘር የፊቱንና የኋላውን ባሌስትራ፣ ማለት እንደ ቅጠል የተደራረቡትን የስፕሪንግ ብረቶች፣ የሚያገናኘው ብረት ነው፤ እንደ ሚዛን እያጋደለ ጭነቱን ለሁለቱ አክስሎች፣ ጎማዎቹን ለያዙት አግዳሚ ብረቶች፣ ያካፍላል። የያዘው ብሎን ተበልቶ አልቋል። የልጆቹ ድምፅ ከፒክአፑ ውስጥ ይሰማኛል። ልቤ ድንግጥ አለ።

«ሥሩን ያየኸው መቼ ነው?» ስለው ዝም አለ።

ይህን የምጽፈው ለዚህ ነው። እዚያ ካላችሁት ወገኖቼ ብዙዎቻችሁ ሹፌሮች ናችሁ። ሥራ ስትወጡ በማለዳ የእጅ ባትሪ ይዛችሁ ትሬይለሩን ትዞራላችሁ፣ ጎማ ታያላችሁ፣ ፍሬን ትፈትሻላችሁ። የቤተሰባችሁን ተሳቢ ግን መብራቱን ሞክራችሁ ትነሳላችሁ። የሰው ዕቃ ለጫነው እንዲህ የምትጠነቀቁ፣ ልጆቻችሁ ለሚተኙበት እንዴት አትጎነበሱም?

እኔም እንደዚያው ነበርኩ። አሜሪካ ሳለን ከባለቤቴ ጋር ፊፍዝ ዊል ውስጥ በኖርንባቸው ዓመታት ኒው ሜክሲኮን በ40 ቁጥር ሀይዌይ ስናቋርጥ፣ ማታ በሩን ከፍተን ስንገባ ቁምሳጥኑ ተከፍቶ ሳህኑ ሁሉ ወለል ላይ ነበር። ከግድግዳው የወለቁ ትናንሽ ብሎኖችም ምንጣፉ ላይ ተበትነዋል። ተሳቢውን የሸጡልኝን ሰዎች ጠየቅኳቸው። «ያለ ነው፣ መንገዱ ነው» አሉኝ። አመንኳቸው። ሁለት ጎማ በአንድ ጎኑ ብቻ ተልጦ እስኪያልቅ ድረስ አመንኳቸው። በመጨረሻ ካርቶን አነጠፍኩና ራሴ ሥሩ ገባሁ።

ያየሁትን ለመረዳት ጊዜ አልፈጀብኝም፣ ምክንያቱም ልጅ ሆኜ አጎቴ ጋ አይቼዋለሁ። አጎቴ እዚሁ ድሬ ባሌስትራ ሠሪ ነበር። ሐረር ከ1,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ ድሬ ደግሞ 1,200 ገደማ ላይ። በመሀል የደንገጎ ቁልቁለት አለ። ያንን ጠመዝማዛ የሚወርድ ተሳቢ በየመታጠፊያው ጎማውን ወደ ጎን ያሻል፤ ባሌስትራውና የያዘው ብረት ይጣመማሉ። አጎቴ ብሎኑን በመዶሻ አውጥቶ በጨርቅ ይጠርገዋል። ከዚያ የአውራ ጣቱን ጥፍር በብሎኑ ላይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያንሸራትታል። ጥፍሩ አንድ ቦታ ከያዘው ያ ብሎን ወደ መኪናው አይመለስም። ሹፌሩ ቢለምን፣ ቢቆጣ፣ አይመለስም።

የእኔን ፊፍዝ ዊል ብሎን ሳወጣ ጥፍር አላስፈለገኝም። በዓይን ይታይ ነበር፤ ወገቡ ቀጥኗል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ብዙዎቹ ፊፍዝ ዊሎች ከፋብሪካ ሲወጡ በባሌስትራው ጫፍ ቀዳዳ ውስጥ ያለው፣ ብሎኑ የሚያልፍበት ቀለበት፣ ቦኮላ የሚባለው፣ ፕላስቲክ ነው፣ ናይለን። ብሎኑም ግራሶ የሚቀበልበት መንገድ የለውም። ተሳቢው በሙሉ፣ ፍሪጁና ሶፋው ሳይቀር፣ በዚያ ስስ ፕላስቲክ ላይ ነው ያለው። ፕላስቲኩ ሲያልቅ ብረት ብረትን ይበላል። ክብ የነበረው ቀዳዳ የእንቁላል ቅርጽ ይይዛል። አክስሉ ከቦታው ይንሸራተታል፣ ጎማው በአንድ ጎን ይላጣል። ጎማ ቀይራችሁ ብትሄዱ አዲሱንም ይበላዋል።

ስለዚህ «ሰስፔንሽኑን ላሻሽል ነው»፣ ባሌስትራውንና ተያያዡን ማለቱ ነው፣ የሚለኝን ሁሉ ከብሎኑ ጀምር እለዋለሁ። ዌት ቦልት የሚባል ኪት አለ። ብሎኑ ውስጡ ክፍት ነው፤ በጫፉ ግራሶ ይገባበታል። ከነሐስ ቦኮላ ጋር ይመጣል። ባሌስትራውን ከኢኳላይዘሩ ጋር የሚያያይዙት ጠፍጣፋ ብረቶች፣ ሻክል የሚባሉት፣ ከፋብሪካው ሩብ ኢንች ያህል ውፍረት አላቸው፤ በኪቱ ግማሽ ኢንች ይሆናሉ። ዋጋው ከአንድ ጥሩ ጎማ ብዙ አይርቅም። በእኔ ግምት እዚያ ተሳቢ ላይ ከሚወጣ ገንዘብ ሁሉ ይህን ያህል የሚመልስ የለም።

ቀጥሎ የላስቲክ ኢኳላይዘር ይመጣል። ብረቱን አውጥታችሁ መሀሉ ላይ ላስቲክ ያለበትን ትተካላችሁ። ሞርራይድ የሚባለው ኩባንያ አንደኛው 3 ኢንች፣ ሌላኛው 4 ኢንች የሚለጠጥ አለው፤ ዴክስተርና ሊፐርትም የራሳቸውን ይሠራሉ። ጉድጓድ ሲመታ ምቱ ላስቲኩ ላይ ይበርዳል እንጂ ቁምሳጥናችሁ ድረስ አይወጣም። ከማዘዛችሁ በፊት ግን በሁለቱ አክስሎች መሀል ያለውን ርቀት በመለኪያ ሜትር ለኩ። 33 ኢንች የሆነ አለ፣ 35 የሆነም አለ፤ ክፍሉም በዚያው ልክ ይለያያል። ባሌስትራውን የተሸከሙት፣ ሻንሲው ላይ፣ የተሳቢው አጽም በሆነው ብረት ላይ፣ የተበየዱት መያዣዎችም ወደ ጎን እንዳይጣመሙ ግራና ቀኙን የሚያያይዝ አግዳሚ ብረት ይሸጣል። የካምፕ ቦታ ጠባብ ነው፤ ወደ ኋላ ስትጠመዝዙ የሚደርሰው ያው የደንገጎ መታጠፊያ ነው።

ባሌስትራውን ጭራሽ አስወጥቶ እያንዳንዱን ጎማ ለብቻው በላስቲክ የሚያስቀምጥ ሙሉ ሥራም አለ። ጥሩ ነው፣ ውድ ነው። ዓመቱን ሙሉ ውስጡ ለሚኖር ሰው እንጂ በዓመት ሁለቴ ለሚወጣ አልመክርም።

አሁን አንድ ነገር ልለምናችሁ። ባሌስትራ አታስጨምሩ። አገር ቤት አይሱዙ ሲከብደው አንድ ቅጠል እንጨምርበታለን፤ ለምደነዋል። ፊፍዝ ዊል ላይ ግን ስታደድሩት ምቱ ወደ ሻንሲውና ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ግድግዳው ደግሞ ስስ ነው። ሲብስም ሰው «አጠነከርኩት» ብሎ ይጭንበታል። የትኛውም ማሻሻያ፣ ዌት ቦልቱም ላስቲኩም፣ የመጫን አቅሙን በአንዲት ፓውንድ አያሳድግም። አቅሙ አክስሉ ላይ በተለጠፈው ቁጥር ይወሰናል፤ 7,000 ፓውንድ ካለ 7,000 ነው።

ሙሉ ጭናችሁ፣ ውኃውን ሞልታችሁ፣ ትራክ ስቶፕ ያለው ሚዛን ላይ አንዴ ውጡ። ሹፌር ስለሆናችሁ ካት ስኬልን ታውቁታላችሁ። ከተሳቢው ክብደት ከ20 እስከ 25 በመቶው ፒክአፑ ላይ ያርፋል፣ የቀረው አክስሎቹ ላይ። ከዚያ ደልዳላ ቦታ አቁማችሁ ከጎን እዩት። አፍንጫው ወደ ላይ ከተነሳ የኋለኛው አክስል ከድርሻው በላይ ይሸከማል፤ ያኔ ኢኳላይዘሩ ብቻውን አያድናችሁም።

ሥራውን ራሳችሁ የምትሠሩት ከሆነ ተሳቢውን ከፒክአፑ አትፍቱት። የማትነኩትን ጎን ጎማዎች በሽብልቅ ያዙ። ክሪኩን ከሻንሲው ሥር እንጂ ከአክስሉ ቧንቧ ሥር አታስገቡት፤ ቧንቧው ይጎብጣል። በክሪክ ብቻ አትተማመኑ፣ ማቆሚያ አስገቡ። የኤሌክትሪክ ፍሬኑ ሽቦ አክስሉ ላይ ነው የሚሄደው፤ አክስሉ ሲወርድ እንዳይበጠስ አንድ ሰው ይከታተለው። የአዲሱ ብሎን አንገት ጥርስ አለው። ያ ጥርስ ብረቱን ነክሶ መያዝ አለበት፤ በመዶሻ መታ መታ አድርጋችሁ አስገቡትና ዳዶውን ብቻ አዙሩ። ብሎኑን ራሱን በመፍቻ ካዞራችሁት ቀዳዳውን ትልጡታላችሁ። ዳዶውንም ፋብሪካው በሰጠው ልክ በቶርክ ሬንች፣ ጉልበት በሚለካ መፍቻ፣ እሰሩ፤ ሻክሉ መወዛወዝ አለበትና ጉልበት አትጨምሩበት። ጎማውን ከመለሳችሁ በኋላ በ10፣ በ25 እና በ50 ማይል ላይ እየቆማችሁ የጎማውን ዳዶዎች እንደገና ፈትሹ። ልጆቹ ቸኩለው ቢያለቅሱም ቁሙ።

የሳቢያኑ ልጅ ያን ቀን ያለበት ድረስ የሚመጣ መካኒክ አገኘ። ለጊዜው አስጠግኖ በዝግታ ወደ ዳላስ ተመለሰ፤ ኮሎራዶ ቀረ። አሁን ኪቱን ገዝቶ ጓሮው ውስጥ እየገጠመው ነው። እኔም ስልክ ላይ ነኝ። ትናንት የላከልኝ ፎቶ ላይ የግራሶው ቀዳዳ ወደ ታች ዞሮ አየሁና መልሼ አስወጣሁት። ክብደቱ የሚጫነው በላይና በታች ነው፤ ቀዳዳው እዚያ ከሆነ ይደፈናል። በሰዓት ገጽ ብታዩት ወደ 3 ወይም ወደ 9 ማየት አለበት።

ግራሶውን እኔ በየ3,000 ማይሉ እሰጠው ነበር፤ ብዙ ካልተጓዝኩ ደግሞ በዓመት ሁለቴ። ጎማው መሬት ላይ እያለ ግራሶው አልገባም ሊል ይችላል። ያኔ ሻንሲውን በክሪክ አንሱና ክብደቱን አቅልሉት፣ ይገባል። አሁንም እምቢ ካለ ብሎኑን አውጥታችሁ የውስጡን መንገድ በቀጭን ሽቦ አጽዱ። እግረ መንገዳችሁን ጥፍራችሁን አንሸራቱበት። ከዚያ መልሱትና አሮጌው ጥቁር ግራሶ በጎን ወጥቶ አዲሱ እስኪታያችሁ ድረስ ስጡት።