ድምፁን አጥፍታችሁ እዩት

የእህቴ ልጅ ማታ ማታ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ትቀመጣለች። «ጋሼ፣ ይቺን ብቻ ይዩልኝ» ትላለች። ይቺ ብቻ የምትላት አንድ ቀን ሻርክ ናት፣ አንድ ቀን አንበሶች የከበቧት ጎሽ፣ አንድ ቀን ከተማ ጠርጎ የሚሄድ የባሕር ማዕበል። አያለሁ፤ ደስም ይለኛል። እኛ በልጅነታችን በወሬ እንኳ ያልሰማነውን የባሕር ወለል እሷ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆና ታየዋለች። ግን ሠላሳ አንድ ዓመት የምስል ቅንብር ክፍል ውስጥ የተቀመጠ ሰው እንደ ጤነኛ ሰው ዘጋቢ ፊልም ማየት አይሆንለትም። እሷ ሻርኩን ስታይ እኔ የተቆረጠበትን ቦታ እቆጥራለሁ። ይህን የምጽፈው እሷን ለምትመስሉ ነው፤ ብዙ ለምታዩት፣ ነገ ደግሞ ካሜራ ለምታነሱት።

መቀስ ምን እንደሚያደርግ ያየሁት ሙያውን ሳልጀምር ነው። የ1967 ዓ.ም. ዕንቁጣጣሽ ማታ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው አንድ ቤት ብቻ ስለነበር የበዓል ዶሮውን የበላ ሁሉ እዚያ ታጭቋል፤ እኔ በትልልቅ ሰዎች እግር መካከል ሾልኬ መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። የወሎ ሰው አጥንቱ ወጥቶ ይታያል። ከዚያ ቤተ መንግሥት፤ ድግስ፣ ኬክ፣ ብርጭቆ። ከዚያ እንደገና ወሎ። የቤቱ እመቤት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጭነው «ኧረ የጌታ ያለህ» ይላሉ። ሌላው ሰው ትንፍሽ አላለም። በማግስቱ መስከረም 2 ቀን ንጉሡ በቮልስዋገን ተጭነው ከቤተ መንግሥት ወጡ።

ሥራ ከገባሁ በኋላ ነው ነገሩን የተረዳሁት። የወሎው ምስል እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በጥቅምት 1966 ዓ.ም. ለአገሩ ቴሌቪዥን ያቀረበው ነው። የቤተ መንግሥቱን ድግስ መሀል መሀሉ ላይ ያስገባው ደርግ ነው። ረሃቡ እውነት ነው፤ ድግሱም እውነት ነው፤ ሁለቱን ያጋባቸው ግን ቅንብሩ ነው። ውሸት ነበር እያልኳችሁ አይደለም። ረሃቡ ተደብቆ ነበር፣ ያ ፊልም የተደበቀውን አወጣው። ሆኖም በዚያ ሁሉ ሰው መካከል «ይህ ድግስ የመቼ ነው?» ብሎ የጠየቀ አንድም አልነበረም። ሁለት እውነተኛ ምስሎች ጎን ለጎን ሲቀመጡ አንዳቸውም ያላሉትን ሦስተኛ ነገር ይናገራሉ። የኛ ሙያ ይኸው ነው።

የዱር እንስሳ ፊልም ላይ ይብሳል፤ ጎሿ መጥታ «እኔ እንዲያ አላደረግሁም» አትልማ። የሦስት ደቂቃ አደን የብዙ ቀን ቀረጻ ነው። ስታደባ ያያችኋት አንበሳና መጨረሻ ላይ አንገት የምታንቀው አንዷ ላትሆን ትችላለች። ካሜራው ከሩቅ ስለሚያነሳ ኮቴው፣ ትንፋሹ፣ የአጥንቱ ቀጭ ማለት አብዛኛው ኋላ ስቱዲዮ ውስጥ የሚሠራ ነው። በረዶ የሚረግጥ እግር ድምፅ ሲፈለግ የበቆሎ ስታርች በከረጢት አድርጎ መጭመቅ የቆየ ዘዴ ነው። ይህን አልቃወምም። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ2011 «ፍሮዝን ፕላኔት» ላይ ያሳየው የነጭ ድብ ግልገሎች ጎሬ ኔዘርላንድስ ባለ መካነ እንስሳት ውስጥ የተቀረጸ ሆኖ ሲገኝ ብዙ ሰው ተቆጣ። እኔ አልተቆጣሁም፤ አራስ ድብ ጎሬ ውስጥ ካሜራ ይዞ ግባ ብዬ የማዝበት ሰው የለኝም። ቅር ያለኝ ቦታው እዚያው ፊልሙ ላይ በአንዲት ዓረፍተ ነገር አለመነገሩ ነው።

የዲዝኒው ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1958 የወጣው «ዋይት ዊልደርነስ» ሌሚንግ የሚባሉ አይጥ መሳይ እንስሳት በመንጋ ሆነው ራሳቸውን ባሕር ውስጥ ሲወረውሩ አሳየ፤ ኦስካርም ወሰደ። ከዓመታት በኋላ የካናዳ ቴሌቪዥን ሲያጣራ እንስሳቱ በገንዘብ ተገዝተው የመጡ፣ «ባሕሩ» ወንዝ፣ ወርዋሪዎቹም የቀረጻ ሠራተኞቹ ሆነው ተገኙ። ሌሚንግ ራሱን ያጠፋል ብሎ የሚያምን ሰው ግን ዛሬም ሞልቷል።

ባሕር ለምትወዱ አንድ አሮጌ ፊልም ላስታውሳችሁ። ፈረንሳዊው ባሕር ጠላቂ ዣክ ኩስቶ ከፊልም ሠሪው ሉዊ ማል ጋር የሠራው «ዝምተኛው ዓለም» እ.ኤ.አ. በ1956 ካን የፊልም ፌስቲቫል ላይ የወርቅ ዘንባባ አግኝቷል። ከፊሉ የተቀረጸው እዚሁ ደጃችን፣ ቀይ ባሕር ላይ ነው። ዓሦቹን ለመቁጠር ብለው ኮራሉን በድማሚት ሲያፈነዱ ይታያል። መርከባቸው የዓሣ ነባሪ ግልገል ይመታል፤ ደም የሸተታቸው ሻርኮች ሲሰበሰቡ ደግሞ መርከበኞቹ በንዴት እየጎተቱ በመጥረቢያ ይፈጇቸዋል። መጀመሪያ ያየሁ ቀን አቋርጬ ተነሣሁ። በኋላ ግን ደጋግሜ አየሁት። ዛሬ ቢሆን እኔ ራሴ ያን ሁሉ ቆርጬ በጣልኩትና ኩስቶ ከጅምሩ የባሕር ወዳጅ ሆኖ በቀረበላችሁ። እነሱ ስላላፈሩበት ተዉት፤ በዚያው የዘመናቸው ሰው ባሕርን በምን ዓይን ያይ እንደነበር አስቀሩልን። ሰውየው በኋላ የባሕር ጠበቃ ሆኖ ነው የሞተው። ያንን ግልገል ሳታዩ ይህን ብትሰሙ ምን ይገባችኋል?

አደጋ ላይ የሚሠራ ፊልም ግን ከሁሉም ይከብደኛል፤ የበደልኩትም እዚያ ላይ ነው። የጎርፍ ፕሮግራም እያቀናበርኩ የሚያለቅስ ሰው አጣሁ። የተረፉት ሰዎች ጭቃው ላይ ቆመው ዝም ብለው ነው የሚያዩት። አለቃዬ አየውና «ስሜት የለውም» አለኝ። ከመደርደሪያ ሌላ ካሴት አወጣሁ፤ አንዲት እናት ደረቷን ስትመታ የሚያሳይ። አራት ሰከንድ ወስጄ ጭቃው አጠገብ ለጠፍኩት። ተላለፈ፣ ተመሰገንኩ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ወጣት በር ላይ አስጠራኝ። «እናቴ ያለቀሰችው ለወንድሜ ነው» አለኝ። «አገሯም ጎርፍ አያውቅም። ሰው ሁሉ ቤትሽን ውኃ ወሰደው ወይ እያለ ይጠይቃታል፤ ልጇን ማንም አይጠይቃትም።» ይቅርታ ጠየቅሁት። «ለእኔ አይደለም» አለና ሄደ። እሷ ዘንድ አልሄድኩም። መንገዱ ሩቅ ሆኖ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ የኮረምን የረሃብ ምስል ባየሁ ቁጥር የማስበው ስም ነው። በጥቅምት 1977 ዓ.ም. ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን፣ የዘገበው ማይክል በርክ መሆናቸውን ዓለም ያውቃል። ዕርዳታ ለማሰባሰብ የዘፈኑትንም ያውቃል። ከዚያ ሜዳ ላይ ከተኙት የስንቱን ስም ሰማችሁ? አሚን ራሱ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው አውሮፕላናችን ውስጥ ነበር፤ ከ175 ሰዎች 125ቱ አለቁ፣ እሱም ከነሱ ጋር። የዚያን አደጋ ምስል የቀረጸው ባሕር ዳር የነበረ አገር ጎብኚ ነው። ክንፉ ውኃውን ሲነካ፣ አውሮፕላኑ ሲገነጠል፤ እስካሁን ደጋግመው ያሳዩታል። ከውኃው የወጡትን ሃምሳውን ግን ከዚያ ምስል ላይ ፈልጋችሁ አታገኟቸውም።

ስለዚህ ፊልም ስታዩ አንድ ጊዜ ድምፁን አጥፉት። የሚያስፈራው ምስሉ ነው ወይስ ከበሮው? ያኔ ይለይላችኋል። ሐዋሳ ከሄዳችሁ ደግሞ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ገበያው ጋ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች አጠገብ ሁለት ሰዓት ተቀመጡ። አባ ኮዳ የሚጣልለትን የዓሣ አንጀት እየጠበቀ እንደ ዘብ ይቆማል። ይቆማል። አሁንም ይቆማል። እኔ ብሆን ከአራት ሰከንድ በላይ አላቆየውም ነበር።

ባለፈው ሳምንት የእህቴን ልጅ ስልኩን ተቀብዬ ድምፁን ዘጋሁባት። ተቆጣች። አንዲት አንበሳ ወደ ካሜራው ዞራ አፏን ከፈተች፤ ቀደም ብሎ ቤቱን ያናወጠው ግሣት እዚች ላይ ነበር። ልጅቷ ስክሪኑን ወደ ዓይኗ አስጠጋችና ወደ ኋላ መልሳ እንደገና አየችው።

«ጋሼ» አለችኝ፣ «እያዛጋች እኮ ነው!»