ሃይድሮጅን የሚይዙ ቅይጥ ብረቶችን ሙያ ማድረግ፦ ከሙቀቱና ከመለኪያው ጀምሪ

ውድ እህቴ፣

ጥያቄሽ ባጭሩ ይህ ነው። በማቴሪያልስ ኢንጂነሪንግ የመጨረሻ ዓመት ላይ ነሽ፤ ሃይድሮጅንን ወደ ውስጣቸው የሚስቡ፣ የሚያከማቹና ሲፈለግ የሚለቁ ቅይጥ ብረቶችን ሙያሽ ልታደርጊ አስበሻል። ማግኒዥየምን የመረጥሽው «ከክብደቱ 7.6 በመቶ ሃይድሮጅን ይይዛል፤ ሌሎቹ 2 በመቶም አይሞሉም» ብለሽ ነው። ግቢያችሁ የሃይድሮጅን ላቦራቶሪ ስለሌለው የመመረቂያ ሥራሽን በኮምፒውተር ስሌት ብቻ ልትጨርሺ ነው። ይህ መንገድ ለውጭ ማስተርስ ያበቃኛል ወይ፣ አገር ውስጥስ ሥራ አገኝበታለሁ ወይ ብለሽ ጠይቀሻል።

መስኩ ጥሩ ነው፣ ግቢበት። መነሻሽን ግን ቀይሪ። በዚህ ሥራ አማካሪ ፕሮፌሰርም ሆነ ቀጣሪ ድርጅት አጥብቆ የሚፈልገው ሙቀትን ማስላት የሚችልና የጋዝን መጠን በትክክል የሚለካ ሰው ነው። ሁለቱንም ያለ ሃይድሮጅን ላቦራቶሪ መጀመር ይቻላል።

ከመቶኛው እንነሳ። የማግኒዥየም ሃይድራይድ (ማግኒዥየም ሃይድሮጅን ሲይዝ የሚሆነው ውህድ) 7.6 በመቶ እውነት ነው። ያንን ሃይድሮጅን በ1 ባር ግፊት ለማስለቀቅ ግን ከ280 እስከ 300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ማሞቅ ያስፈልጋል፤ ለእያንዳንዱ ሞል ሃይድሮጅንም 75 ኪሎጁል ገደማ ሙቀት ይበላል። አንድ ሞል ሃይድሮጅን ተቃጥሎ የሚሰጠው 242 ኪሎጁል ነው። ስለዚህ ከያዝሽው ኃይል አንድ ሦስተኛው ገደማ ጋዙን ለማስወጣት ብቻ ይሄዳል። ላንታነም-ኒኬል-አምስት (LaNi5) የሚባለው ቅይጥ የሚይዘው 1.4 በመቶ ብቻ ነው፤ ነገር ግን በክፍል ሙቀት፣ ከ2 ባር ብዙም ባልራቀ ግፊት ይስባል፣ ይለቃል። የሚፈልገው ሙቀት 31 ኪሎጁል ያህል ስለሆነ ሃይድሮጅኑን ወደ ኤሌክትሪክ ከሚለውጠው ፊውል ሴል የሚወጣው 60 ወይም 70 ዲግሪ የሞቀ ውኃ ይበቃዋል። በመኪና ላይ ክብደት ስለሚጎዳ 700 ባር የሚይዘው ታንክ አሸነፈ። ክብደት በማይጎዳበት ቦታ ግን ቅይጦቹ ሥራ ላይ ናቸው፦ የጀርመን 212ኤ ሰርጓጅ መርከቦች ሃይድሮጅናቸውን የሚይዙት በብረታ ብረት ሃይድራይድ ሲሊንደር ነው፤ በደቡብ አፍሪካም ስፕሪንግስ በሚገኘው የኢምፓላ ፕላቲኒየም ማጣሪያ የሃይድራይድ ታንክ የተገጠመለት ፎርክሊፍት ተሞክሯል። ፎርክሊፍት ሚዛኑን ለመጠበቅ ድሮም ክብደት የሚጫንበት ስለሆነ ከባድ ታንክ አይጎዳውም።

የሙቀቱን ነገር በእጅሽ አስልተሽ ካላየሽው አይገባሽም። 10 ኪሎ ላንታነም-ኒኬል-አምስት የያዘ ታንክ አስቢ። በተግባር የሚወጣው 1.2 በመቶ ነው ብንል 120 ግራም ሃይድሮጅን ይሆናል፤ ወደ 60 ሞል ማለት ነው። በ31 ኪሎጁል ስታባዢው 1,850 ኪሎጁል ገደማ ይመጣል። ይህን ታንክ በ10 ደቂቃ ልሙላው ካልሽ በየሰከንዱ 3 ኪሎጁል፣ ማለትም 3 ኪሎዋት ሙቀት ከታንኩ መውጣት አለበት፤ የእንጀራ ኤሌክትሪክ ምጣድ የሚበላው ኃይል ያህል። ሙቀቱ ካልወጣ ዱቄቱ ይግላል፣ ሲግል የሚዛን ግፊቱ (መሳቡና መልቀቁ እኩል የሚሆኑበት ግፊት) ይጨምራል፣ ከመሙያው ግፊት ጋር ሲስተካከል መሳቡ ይቆማል። ጀማሪዎች «ቅይጡ ቀርፋፋ ነው» ብለው የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ ይህንን ነው። ቅይጡ ፈጣን ሆኖ ሳለ ሙቀቱ መውጫ አጥቶ ነው።

መውጫ የሚያጣውም በዱቄቱ ምክንያት ነው። ላንታነም-ኒኬል-አምስት ሃይድሮጅን ሲጠግብ መጠኑ 25 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ በዚህ ውጥረት እየተሰነጠቀ ከጥቂት ዙር በኋላ ጥቂት ማይክሮን ብቻ ወደሆነ ዱቄት ይለወጣል። እንዲህ ያለ ዱቄት ሙቀት በደንብ አያስተላልፍም። መፍትሔው ከግራፋይት ጋር ጨፍልቆ ጡብ ማድረግ ወይም በታንኩ ውስጥ የአሉሚኒየም ክንፎች መግጠም ነው። ሌላም አደጋ አለ፦ ደቃቁ ዱቄት ወደ ታች ይረጋና በሚቀጥለው ሙሌት ሲያብጥ የታንኩን ግድግዳ ከውስጥ ይገፋዋል። ታንክ እስከ አፉ የማይሞላው ለዚህ ነው።

አሁን ወረቀት ያዢ። ለላንታነም-ኒኬል-አምስት ኤንታልፒውን 30.8 ኪሎጁል፣ ኤንትሮፒውን 108 ጁል በኬልቪን አድርገሽ የሚዛን ግፊቱን ከሙቀት መጠን ጋር በሚያያይዘው በቫንት ሆፍ ቀመር አስሊ። በ25 ዲግሪ 1.75 ባር፣ በ60 ዲግሪ 6.5 ባር፣ በ80 ዲግሪ 12 ባር ገደማ ካላገኘሽ ስህተቱን ፈልጊ፤ አብዛኛውን ጊዜ ሴንቲግሬዱን ወደ ኬልቪን አለመቀየር ነው። በሙቅ ውኃ ብቻ ግፊቱ ሰባት እጥፍ ሲሆን ታያለሽ፤ ፒስተን የሌለው የሃይድራይድ ኮምፕሬሰር የሚሠራው በዚሁ ነው። ቀጥሎ የታንኩን ሙሌት በፓይተን ሞዴል አድርጊው። የጋዙን ትክክለኛ ጥግግት ለማግኘት ኩልፕሮፕ የሚባለውን ነፃ ሶፍትዌር ተጠቀሚ። ይህን ሞዴል የሠራ ተማሪ «ሌላ ንጥረ ነገር የተጨመረበት ማግኒዥየም በኮምፒውተር ስሌት» ከሚል ጥናት ይልቅ ዓይን ይስባል፤ በዚያ ርዕስ የተጻፈው እጅግ ብዙ ነውና።

ወደ ልኬቱ እንምጣ። በመስኩ ዋነኛው መሣሪያ ሲቨርትስ ይባላል። መጠኑ በታወቀ ዕቃ ውስጥ ጋዝ ትሞያለሽ፣ ግፊቱን ታነቢያለሽ፣ ቫልቩን ከፍተሽ ናሙናው ወዳለበት ትለቂያለሽ፤ ከሚጠበቀው በላይ የጎደለው ጋዝ ናሙናው የሳበው ነው። አሠራሩ ቀላል ይመስላል፤ ስህተቱም የሚደበቀው እዚያው ነው። 100 ሚሊ ሊትር ዕቃ በ20 ባር ሲሞላ 80 ሚሊሞል ገደማ ይይዛል። የጋዙን የሙቀት መጠን በ1 ዲግሪ ብትሳሳቺ 0.27 ሚሊሞል ትስቻለሽ። 1 ግራም ቅይጥ በጠቅላላው 7 ሚሊሞል ስለሚስብ ስህተቱ 4 በመቶ ነው። ናሙናው 100 ሚሊግራም ከሆነ ግን ወደ 40 በመቶ ያድጋል! እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ በካርቦን ናኖ ቃጫዎች ላይ የታወጁ እጅግ ከፍተኛ ቁጥሮችን ሌሎች ላቦራቶሪዎች ሊደግሟቸው አልቻሉም፤ በዚያ ዙሪያ በተነሳው ክርክር የናሙና ማነስና የልኬት ስህተት ደጋግመው ይነሱ ነበር።

ስለዚህ ላቦራቶሪ ስትገቢ ቅደም ተከተሉን ጠብቂ። መጀመሪያ የዕቃዎቹን መጠን በሂሊየም ለኪ። ከዚያ በምትሠሪበት ከፍተኛ ግፊት ሌሊቱን አሳድሪውና ግፊትና ሙቀትን አብረሽ መዝግቢ፤ ክፍሉ በ5 ዲግሪ ቢቀዘቅዝ 20 ባር የነበረው ወደ 19.7 ስለሚወርድ፣ ሙቀቱን ካልመዘገብሽ ጤነኛውን መስመር ያፈሳል ብለሽ ትፈቻለሽ። ስዌጅሎክ የሚባለው የ6 ሚሊ ሜትር የቱቦ መገጣጠሚያ በጣት ከጠበቀ በኋላ በመፍቻ አንድ ዙር ከሩብ ይጠብቃል፤ ከዚያ በላይ ማክረር ቀለበቱን ያበላሸዋል። በናሙናውና በቫልቩ መካከል 0.5 ማይክሮን ማጣሪያ አድርጊ፤ አለበለዚያ ያ ደቃቅ ዱቄት የቫልቩ መቀመጫ ላይ ይገባና ከዚያ በኋላ አይዘጋም። ጋዙ ንጽሕናው ቢያንስ 99.999 በመቶ ይሁን፤ ኦክስጅን፣ እርጥበትና በተለይ ካርቦን ሞኖክሳይድ የቅይጡን ገጽ ይዘጉታል። ላንታነም-ኒኬል-አምስትን ለመቀስቀስ፣ ማለትም ለመጀመሪያ ጊዜ መሳብ እንዲጀምር ለማድረግ፣ በ80 ዲግሪ ገደማ በቫኪዩም ማድረቅ፣ ከዚያ ከ10 እስከ 20 ባር ሃይድሮጅን መስጠትና ጥቂት ዙር መሙላትና ማውጣት ይበቃል። የመጀመሪያው ዙር ላይ ለረጅም ጊዜ ምንም ላይታይ ይችላል፤ አትደናገጪ። እ.ኤ.አ. በ1974 ከብሩክሄቨን ላቦራቶሪ የወጣው የቲታኒየምና ብረት ቅይጥ ርካሽ ነው፤ ነገር ግን ለመቀስቀስ 400 ዲግሪና 65 ባር የሚደርስ ሁኔታ ስለሚጠይቅ ጥቂት ማንጋኒዝ ይጨመርበታል።

ይህ ሁሉ ግቢሽ ውስጥ የለም ብለሻል። ስለዚህ የመመረቂያ ሥራሽን በኤሌክትሮኬሚስትሪ በኩል እንድትገቢበት እመክራለሁ። በሱቅ የሚሸጠው ዳግም የሚሞላ ኒኬል-ሜታል ሃይድራይድ የባትሪ ድንጋይ ውስጥ አሉታዊው ኤሌክትሮድ ራሱ ሃይድሮጅን የሚይዝ ቅይጥ ነው። አዲስ ድንጋይ ግዢ፤ እስከ 0.9 ቮልት አውርጂው። አማካሪሽ ባለበት፣ በጭስ መሳቢያ ሥር፣ መነጽርና ጓንት አድርገሽ ክፈቺው፤ ውስጡ ቆዳ የሚያቃጥል ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው። አሉታዊውን ሰቅ በተጣራ ውኃ እጠቢና እርጥብ እንደሆነ አቆዪው። አየር ላይ ከደረቀ ይግላል፣ ሊቀጣጠልም ይችላል። 0.2 ግራም ያህል ዱቄት ፍቀሽ ከሦስት እጥፍ የኒኬል ዱቄት ጋር ቀላቅለሽ በኒኬል ወንፊት ውስጥ ጨፍልቂው። ኤሌክትሮላይቱ 6 ሞላር ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ነው፤ በሊትር 336 ግራም። ስለሚፈላ ፍሬውን ወደ ውኃው ቀስ በቀስ ጨምሪ። ተቃራኒው ኤሌክትሮድ የዚያው ድንጋይ አወንታዊ ሰቅ ይሁን፤ ቮልቴጁ የሚለካበት ማመሳከሪያ ኤሌክትሮድ ደግሞ የሜርኩሪና የሜርኩሪ ኦክሳይድ። በግራም 100 ሚሊአምፔር ለ4 ሰዓት ሙዪ፣ በ50 ሚሊአምፔር እስከ 0.6 ቮልት ኔጌቲቭ ድረስ አውጪ።

ጥሩ ቅይጥ በግራም 300 ሚሊአምፔር-ሰዓት አካባቢ ይሰጣል፤ ይህ 1.1 በመቶ ሃይድሮጅን ማለት ነው። ያንቺ ከዚያ ቢያንስ ማጣበቂያውንና የተበከለውን ገጽ አስቢ። ከሁሉ የሚበልጠው ግን ይህ ነው፦ እያወጣሽ በየመሐሉ አቁመሽ ቮልቴጁ ሲረጋ ብታነቢው፣ በየ29 ሚሊቮልቱ የሃይድሮጅን ግፊቱ በአሥር እጥፍ ይለወጣል። በ20 ዲግሪ ከ0.932 ቮልት ኔጌቲቭ ጋር የሚገጥመው 1 ባር አካባቢ ነው። አንድም የጋዝ ሲሊንደር ሳትነኪ የቅይጡን የግፊትና የይዘት መስመር ታወጫለሽ ማለት ነው። የክሪስታልን አወቃቀር በኤክስሬይ የሚያሳየውን ኤክስአርዲ ካገኘሽ ከመሙላትሽ በፊትና በኋላ አንሺው፤ በጂሳስ-ሁለት ነፃ ሶፍትዌር የክሪስታሉን መስፋት ለኪ።

ለትምህርት የት ታመልክቻለሽ? በመስኩ የታወቁት በጀርመን ጌስታክት የሚገኘው ሄርዮን፣ በኖርዌይ የኢነርጂ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በጣሊያን የቱሪን ዩኒቨርሲቲ፣ በአውስትራሊያ ግሪፊዝና ከርቲን፣ በደቡብ አፍሪካ ደግሞ የዌስተርን ኬፕ ዩኒቨርሲቲ ናቸው። በጀርመን ዶክትሬት ብዙውን ጊዜ ማስታወቂያ ወጥቶበት በደመወዝ የሚቀጠሩበት ሥራ ነው፤ ስለዚህ ማስተርስሽን የትም ያዢው፣ የላቦራቶሪ ሥራ ያለበት መሆኑን ግን አረጋግጪ። የኢራስመስ ሙንዱስ ማመልከቻ አብዛኛውን ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ዋስካል የሚባለው የአረንጓዴ ሃይድሮጅን ማስተርስ ለምዕራብ አፍሪካ ዜጎች የተዘጋጀ ስለሆነ ጊዜሽን አትጨርሺበት። በአልጄሪያ ትሌምሰን ያለው የፓን አፍሪካን ዩኒቨርሲቲ የውኃና የኢነርጂ ተቋም ግን ለአንቺም ክፍት ነው።

አገር ውስጥ በዚህ ስም የሚወጣ የቅጥር ማስታወቂያ አትጠብቂ። ክህሎቱ ግን ይሸጣል። ግፊት ያለበት ጋዝ መስመር መዘርጋትና ማፍሰሱን መፈተሽ የሚችል ሰው የኦክስጅን ማምረቻዎች ይፈልጉታል። በአውሮፕላን ጥገናም ሃይድሮጅን በብረት ውስጥ የዕለት ጉዳይ ነው፦ ጠንካራ የብረት ክፍል በካድሚየም ከተለበጠ በኋላ በ4 ሰዓት ውስጥ ምድጃ ገብቶ በ190 ዲግሪ ለ23 ሰዓት ካልቆየ፣ በልበጣው ጊዜ የገባው ሃይድሮጅን ክፍሉን ጭነት ላይ ሳለ ሊሰነጥቀው ይችላል። ይህ ለምን እንደሚሆን ማስረዳት የምትችል ተመራቂ በኢትዮጵያ አየር መንገድ የጥገና ክፍል ቃለ መጠይቅ ላይ የምትናገረው አላት።

ለፕሮፌሰሮች የምትጽፊውን ኢሜይል ረቂቅ አይቼዋለሁ። «ለአረንጓዴ ኃይል ከልጅነቴ ጀምሮ ፍቅር አለኝ» የሚለውን አንቀጽ አውጪው። በምትኩ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል፦ ምን እንደለካሽ፣ ስህተትሽ ስንት እንደሆነና ከእነሱ የትኛው ሥራ ጋር እንደሚገናኝ። የግፊትና የይዘት መስመርሽን ከስህተት አሞሌው (የልኬቱን ስህተት መጠን ከሚያሳየው ምልክት) ጋር በአንድ ገጽ ፒዲኤፍ አያይዢ፤ ዳታውንም በኤክሴል አብረሽ ላኪው። ያለ ስህተት አሞሌ አትላኪው፤ በዚህ መስክ ያሉ ሰዎች መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ነው።