የእንቁራሪትና የእባብ ሰው ነኝ፤ ጠይቁኝ

ክረምት ክረምቱን በባሌና በደቡብ ምዕራብ ጫካዎች፣ በጋ በጋውን ደግሞ ናሙና በተሞሉ ጠርሙሶች ፊት ነው የማሳልፈው። የቻልኩትን እመልሳለሁ። የእባብ መርዝ የሚያረክስ ቅጠል ትነግረናለች ብላችሁ የመጣችሁ ግን ከወዲሁ ይቅርታ።

ሰው ወዶ እንቁራሪት ያጠናል? እናትሽስ ምን አሉ?

እናቴ እስካሁን ለጎረቤት «ባዮሎጂ ነው የምትሠራው» ብላ ነው የምታልፈው። እኔን የሳበኝ ንዴት ነው። ትምህርት ቤት «እንቁራሪት አስተኔ»፣ «ገበሎ አስተኔ» ብለን ሸምድደን አለፍን። በኋላ አገራችን ከ70 በላይ የእንቁራሪት አስተኔ ዝርያዎች እንዳሏት፣ ከሲሶ የሚበልጡትም ሌላ የትም እንደማይገኙ ሰማሁ። ዋልያንና ቀይ ቀበሮን የማያውቅ የለም፤ ከእነዚህ ግን አንዱን በስሙ የሚጠራ አላጋጠመኝም።

ሥራሽ ቀን በቀን ምን ይመስላል?

ቀን እንቅልፍ ነው። ሲመሽ የግንባር ባትሪና ቦቲ አድርገን እንወጣለን፤ ዝናብ ከጣለ ደስታችን ነው። መጀመሪያ ማዳመጥ። ወንዱ ሴቷን የሚጠራበት ድምፅ ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ፣ ዓይን ያሳሳተውን ጆሮ ያርመዋል። ድምፁን ቀድተን እንይዘዋለን፣ እንቁራሪቱን ደግሞ እንለካዋለን፣ ፎቶ እናነሳዋለን፣ ለዲኤንኤ ትንሽ ሥጋ እንወስዳለን።

ታዲያ ለምን ገድላችሁ አልኮል ውስጥ ትከታላችሁ? ጭካኔ አይደለም?

እኔንም ይከብደኛል፤ የምንወስደው ጥቂት ነው። ግን የባሌውን የሐረና እፉኝት ተመልከቱ። አንዱ ናሙና በሙዚየም ለአሥርት ዓመታት የሌላ እፉኝት ዝርያ መልክ ተደርጎ ሲታይ ኖረ። በኋላ ሐረና ጫካ ውስጥ በሕይወት ያለ እባብ ፎቶ ተነሳ፤ ሁለቱ ጎን ለጎን ሲታዩ እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ ዝርያ ተብሎ ተሰየመ። ጠርሙሱ ባይኖር ፎቶውን ከምን ጋር እናስተያየው ነበር?

ከሁሉ የገረመሽ እንስሳ የትኛው ነው?

የባሌዋ ትንሽ ጓጉንቸር፣ ያለ ማመንታት። አብዛኞቹ እንቁራሪቶች ውኃ ውስጥ እንቁላል ይጥላሉ፤ ወንዱም ዘሩን እዚያው ያፈስበታል። የዚህችኛዋ ግን ጽንሱ ሆዷ ውስጥ ነው የሚጀምረው። ከዚያ እንቁላሏን እርጥብ መሬት ላይ ትጥላለች፤ እጮቹ ኩሬ ሳያዩ፣ ምንም ሳይበሉ፣ በእንቁላሉ አስኳል ብቻ እዚያው ያድጋሉ። የባሌን ብርድ ለሚያውቅ ሰው ይህ ተአምር ነው።

የሳይንስ ስሟ ማልኮሚ ነው፤ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ለነበረው እንግሊዛዊ ለማልኮም ላርገን መታሰቢያ እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣላት። እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1974 ለአንዲት የእኛ እንቁራሪት ትርጉሙ «እንሰት ነዋሪ» የሆነ የሳይንስ ስም አውጥቶላታል። ጓሮው ውስጥ እንሰት ያለው ሰው ቅጠሉ ሥር ገለጥ አድርጎ ይመልከት።

እባብ ነክሶሽ ያውቃል?

አያውቅም። ከነከሳችሁ ግን አትሰሩት፣ አትብጡት፣ ጥቁር ድንጋይም አትለጥፉበት። የተነደፈውን እጅ ወይም እግር ሳታንቀሳቅሱ ወደ ሆስፒታል መሮጥ ነው፤ መሮጥ ያለበት ግን መኪናው ነው እንጂ የተነደፈው ሰው አይደለም።

እስስት መርዝ አላት ይባላል?

የላትም። ተዋት፣ ዝንቧን ትብላ።

እንቁራሪቶች እየጠፉ ነው የሚባለው እውነት ነው?

አዎ። ቆዳቸውን የሚያጠቃ ፈንገስ አለ፤ እነሱ ደግሞ በቆዳቸው ስለሚተነፍሱና ውኃ ስለሚጠጡ ቆዳ ሲታመም ሁሉም ይታመማል። በእኛም አገር ተገኝቷል። ጫካው ሲመነጠር፣ ከብት ረግረጉን ሲረግጠው ይብሳል። ኦስጉዲ የሚባለው ጓጉንቸር እ.ኤ.አ. ከ2003 ወዲህ አልታየም። ፍለጋ ወጥተን፣ ባዶ ማስታወሻ ደብተር ይዘን ተመልሰን እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በ2019 ደግሞ ከደቡብ ምዕራቡ ቢቢታ ተራራ አውራ ጣት የማታክል አዲስ የእንቁራሪት ዝርያ ይፋ ሆነ። አንዱን ሳንሰይም ሌላው እንዳያመልጠን ነው ሩጫው።

የ9 ዓመት ልጄ እንቁራሪት ይወዳል። ምን ላድርግለት?

ሲይዝ እጁን በንጹሕ ውኃ ያርጥብ፤ ሳሙናና ቅባት አይንካው። ከአንዱ ኩሬ ወስዶ ሌላው ውስጥ አይጨምር፤ በሽታው የሚዛመተው እንዲህ ነው። ደብተር ይግዙለትና ቀኑን፣ ቦታውን፣ ዝናብ እንደነበር ይጻፍበት። ድምፁን በስልክዎ ይቅረጽና ይላክልኝ፤ ምን እንደሆነ አብረን እንፈልጋለን።