ኩፊያ ሲቀደድ አክስል ይቀየራል ወይ? የጎንደር ሾፌሮች ጥያቄና መልስ

ስለ ፊት አክስል የምትጠይቁት ስለበዛ ዛሬ አንድ ላይ ልመልስ። ኩፊያ የምለው ሲቪ ጆይንቱን፣ ማለትም አክስሉ ጫፍ ላይ ያለውን እየታጠፈ የሚዞር መገጣጠሚያ፣ የሚሸፍነውን እጥፍጥፍ ላስቲክ ነው። ውስጡ ግራሶ አለ። ላስቲኩ ሲቀደድ መኪናው ወዲያው አይቆምም፣ ሰው የሚዘናጋውም ለዚህ ነው።

«ቪትዝ ነው የምነዳው። ዘይት ልቀይር ገብቼ ሜካኒኩ ኩፊያህ ተቀዷል፣ አክስሉ ሙሉ በሙሉ ይቀየር አለኝ። ምንም ድምፅ ግን የላትም።» (ከማራኪ)

ድምፅ ከሌላት አትቸኩል ወንድሜ። መሪውን እስከ መጨረሻ አዙርና ከጎማው ጀርባ እይ። የቸርኬው ውስጠኛ ጎን ላይ ጥቁር ግራሶ ተረጭቶ ካየህ እውነቱን ነው፣ ተቀዷል። ቀጥሎ ሰፋ ያለ ሜዳ ፈልግ፣ መስኮቱን ክፈት፣ መሪውን ሙሉ ጠምዝዘህ ቀስ እያልክ ነዳጅ ስጣት፤ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ። ቀጭ ቀጭ ካላለች ጆይንቱ አልሞተም ማለት ነው። ከዚያ ከተቀደደው ቦታ ትንሽ ግራሶ በጣትህ ወስደህ እሸው። ለስላሳ ከሆነ ኩፊያ ብቻ ይቀየር። ከቆረቆረህ ግን አሸዋ ገብቷል። ውስጥ ያሉት 6 ኳሶች በልክ በተሞረደ ቦይ ነው የሚሄዱት፣ አሸዋና ግራሶ ሲቀላቀሉ ቦዩን እንደ ወፍጮ ይፈጩታል። እንደዚያም ሆኖ ተፈትቶ፣ ታጥቦ፣ ቦዩ ካልተቦረቦረ ይተርፋል። ሳይፈታ «ይቀየር» የሚልህን ሰው «እስቲ ፍታውና አሳየኝ» በለው።

«የኔ ቀጭ ቀጭ ማለት ጀምራለች። ከአዘዞ ፒያሳ ነው የምመላለሰው። ግራሶ ብሞላበትስ?»

ለጥቂት ቀን ድምፁ ይቀንስ ይሆናል፣ ግን አትሸወድ። ድምፁ ከመጣ ብረቱ ተበልቷል፣ የተበላን ብረት ደግሞ ግራሶ አይመልሰውም። አሁን ኩፊያ መግዛት አጉል ወጪ ነው። ወይ ውጫዊው ጆይንት ወይ ሙሉው አክስል ይቀየር።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉልኝ፣ በተለይ ዳገት ላይ የምታቆሙ። አንዱ አክስል ቢሰበር ወይም ቢወልቅ ጉልበት ለሁለቱ ጎማ የሚያካፍለው ዲፈረንሻል ጉልበቱን ሁሉ ተቃውሞ ወደሌለበት ወገን ይለቀዋል። ሞተሩ ይጮሃል፣ መኪናው አይሄድም። ይባስ ብሎ ኦቶማቲክ መኪና ፓርክ ላይ ቢሆንም አይያዝም፣ ማንዋሉም ማርሽ ውስጥ ቢገባ ያው ነው። የሚይዘው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። ከጎሃ ሲወርዱ ወይም አንዱ ቁልቁለት ላይ ሆነው ይህን ማወቅ ጥሩ አይደለም። የእጅ ፍሬናችሁ የላላ ካለ ዛሬውኑ አስጠብቁት፣ ጎማ ስርም ድንጋይ አድርጉ።

«አዲስ የኮፒ አክስል ይሻላል ወይስ ከሶማሌ ተራ የሚመጣ ያገለገለ ኦርጂናል?»

እኔ ጤነኛ የሆነ ያገለገለ ኦርጂናል እመርጣለሁ። ርካሹ ኮፒ ላይ ብዙ ጊዜ ላስቲኩ ቶሎ ይሰነጠቃል፣ በተለይ መተማ ቆላ ለሚመላለስ ሰው። ያገለገለ ስትገዛ ግን ኩፊያውን አይተህ አታምን፣ አዲስ ላስቲክ አልብሰው ሊሸጡልህ ይችላሉ። ጆይንቱን በእጅህ አጥፈህ በሁሉም አቅጣጫ አዙረው። ከተቋጠረ፣ ከተንገጫገጨ ወይም ወደፊትና ወደኋላ ስታንቀሳቅሰው ክፍተት ካለው ተወው። የድሮውን ይዘህ ሂድ፤ ርዝመቱ፣ የጥርሱ ቁጥር፣ የኤቢኤስ (ፍሬን ሲያዝ ጎማ እንዳይቆለፍ የሚያደርገው) ቀለበት ያለው መሆን አለመሆኑ አንድ በአንድ ይመሳከር። ግራና ቀኙ ብዙ ጊዜ እኩል አይረዝሙም።

«አክስሉ ሳይፈታ የሚለጠፍ ኩፊያ አለ ይላሉ?»

አለ። መንገድ ላይ ለጨነቀው ሰው ነው። መገጣጠሚያው ላይ ግራሶ ጠብ ካለ ማጣበቂያው አይዝም። ባለ ሙሉውን ግዙ።

«ሥራውን እኔው ብሠራው?»

ይቻላል፣ ግን ረጋ ብለህ። መኪናው መሬት ላይ እያለ ሰው ፍሬን ይርገጥልህና የአክስሉን ትልቅ ዳዶ አላላ፣ ብዙ ቶዮታ ላይ 30 ቡሶላ ነው። ቀድመህ ግን መቆለፊያውን አውጣ ወይም ዳዶው ላይ የተጠቀጠቀውን አቃና። ከዚያ በክሪክ አንሳ፣ ጠንካራ ማቆሚያ ሳታደርግ ስሩ እንዳትገባ። በክሪክ ብቻ የሚተማመን ሰው ስመለከት ሆዴ ይላወሳል። የታችኛው ቦል ጆይንት ይለቀቃል፣ ሞዞው (ጎማው የሚታሰርበት) ወደ ውጭ ይሳባል፣ አክስሉ ይወጣል። ከካምቢዮው ጋር ያለውን ጫፍ በብረት አፈንግጠህ ስታወጣ የዘይቱን ሲል (ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን ላስቲክ) እንዳትቧጭረው። ዘይት ይፈሳል፣ ዕቃ ደቅን። አክስሉንም በአንዱ ጫፉ ይዘህ አትጎትተው፣ ውስጠኛው ጆይንት ሊበታተን ይችላል።

ጆይንቱን በነጭ ጋዝ እጠበው፣ ከዚያም ጥርግ አድርገህ አድርቅ፣ ጋዝ ከቀረ አዲሱን ግራሶ ያቀጥነዋል። ግራሶው የሲቪ ጆይንት ይሁን፣ ጥቁሩ፣ ሞሊብዲነም ያለበት። ከኩፊያው ጋር በከረጢት የሚመጣውን ሙሉውን ተጠቀም። ማሰሪያዎቹን ከማጥበቅህ በፊት ትንሽ አየር ልቀቅ፣ አለዚያ ላስቲኩ ይነፋል። ዳዶው አዲስ ቢሆን ይመረጣል፣ በቶርክ መፍቻ ይጠበቅ፤ ብዙ ትንንሽ መኪኖች ላይ 200 ኒውተን ሜትርና ከዚያ በላይ ነው። በግምት የሚያጠብቅ ሰው የጎማውን ኩሽኔታ ያበላሻል።

«ቀጭ ቀጭ አይልም፣ ስፈጥን ነው የሚያንቀጠቅጠኝ።»

ነዳጅ ስትሰጥ ተንቀጥቅጦ ስትለቅ ከተወ የውስጠኛውን ጆይንት ጠርጥር። ፍጥነት በጨመረ ቁጥር እየጨመረ የሚያጓራ ድምፅ ካለ ግን ምናልባት ኩሽኔታ ነው።

«ዶልፊን ሚኒባስና ላንድክሩዘር 70ስ?»

ተራው ዶልፊን በኋላ ጎማ ነው የሚነዳው፣ ፊቱ ላይ ይህ አክስል የለውም። የሚያንቀጠቅጠው ምናልባት ክሮቸራው (ወደ ኋላ የሚሄደው ዘንግ መገጣጠሚያ) ነው። ላንድክሩዘር 70 ደግሞ የፊቱ ጆይንት ከብረት ኳስ ውስጥ የተሸሸገ ነው፣ ኩፊያ የለውም። ኳሱ ላይ ቀጠን ያለ ግራሶ ከወረደ ውስጠኛው ሲል ተበላሽቶ ዘይትና ግራሶ ተቀላቅሏል ማለት ነው።

«አስቀይሬ ወጣሁ፣ የኤቢኤስ መብራት በራብኝ።»

የሠራልሽ ሰው ጋ ዛሬውኑ ተመለሺ እህቴ፣ ገንዘብም እንዳትከፍይ። ወይ ቀለበት የሌለው አክስል ነው የገባልሽ፣ ወይ ሲገባ ሽቦው ተጎድቷል። ተራው ፍሬን ይሠራል፣ ድንገት ስትይዢ ግን ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርገው ነገር የለም። ወደ ደባርቅ ለመውጣት አስበሽ ከሆነ መጀመሪያ ይሄ ይስተካከል። በዚያው የካምቢዮ ዘይቱም መጠኑ ይታይ፣ አክስል ሲወጣ ፈሶ ሳይሞላ የሚቀር ብዙ አለ።