የኩባ ቤዝቦል ብሔራዊ ቡድን፦ የጠየቃችሁትና መልሱ

ስለ ኩባ ቡድን ጥያቄ ያላችሁ አምጡ፤ ከድሮው የዓለም ዋንጫ እስከ ቅርቡ ውድድር የቻልኩትን እመልሳለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ለጨዋታው አዲስ ለሆናችሁ፦ ጨዋታው 9 ኢኒንግ አለው። በእያንዳንዱ ኢኒንግ ሁለቱም ቡድኖች ተራ በተራ ይመታሉ፤ ሦስት ተጫዋች ሲወጣበት (ሦስት አውት ሲሆን) ተራው ለሌላው ያልፋል። ነጥብ የሚቆጠረው ሯጩ አራቱንም ቤዝ (በሜዳው ማዕዘኖች ላይ ያሉትን ማረፊያዎች) ዞሮ ሲመለስ ነው።

ጥያቄ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ኩባ በጠቅላላው ስንት ዋንጫ አላት? አንዱ 25 ይላል፣ ሌላው 3፣ ግራ ገባኝ።

ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ የሚቆጥሩት የተለያየ ውድድር ስለሆነ ነው። 25 የሚባለው የቤዝቦል ዓለም ዋንጫ ነው። ከ1938 እስከ 2011 ድረስ 39 ጊዜ ተካሄደ፣ ኩባ 25ቱን ወሰደች። የመጀመሪያዋ 1939፣ የመጨረሻዋ 2005 ነው። ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ውድድሮች ሦስቱንም ጊዜ ለፍጻሜ ደርሳ ተሸነፈች፦ በ2007 እና በ2009 በአሜሪካ፣ በ2011 በኔዘርላንድ 2 ለ 1። ውድድሩም በዚያው ቀረ።

3 የሚባለው የኦሊምፒክ ወርቅ ነው፦ ባርሴሎና 1992፣ አትላንታ 1996፣ አቴንስ 2004። ሲድኒ 2000 እና ቤጂንግ 2008 ላይ ብር አግኝታለች። ቤዝቦል በይፋ የሜዳሊያ ስፖርት ሆኖ በቆየባቸው አምስት ተከታታይ ኦሊምፒኮች አምስቱንም ጊዜ ለፍጻሜ ደርሳለች ማለት ነው። በፓን አሜሪካ ጨዋታዎች ደግሞ ከ1971 እስከ 2007 አሥር ጊዜ በተከታታይ ወርቅ ወስዳለች።

አሁን ትልቁ ውድድር በ2006 የተጀመረው የዓለም ቤዝቦል ክላሲክ ነው። እሱን ኩባ አንድም ጊዜ አላሸነፈችም። ስለዚህ ቁጥር ስታዩ መጀመሪያ የትኛው ውድድር እንደሆነ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ አሥር ዓመት ሳይሸነፉ ቆዩ የሚባለው እውነት ነው ወይስ ፕሮፓጋንዳ?

እውነት ነው፣ ግን አቆጣጠሩን ማወቅ ያስፈልጋል። ከ1987 እስከ 1997 ባሉት ዓመታት በይፋዊ ዓለም አቀፍ ውድድሮች ከ150 በላይ ጨዋታ በተከታታይ አሸንፈዋል። የወዳጅነት ጨዋታ በዚህ ውስጥ አይገባም፤ በእነዚያማ በመሃል ተሸንፈዋል፣ በ1995 በአሜሪካ ምርጥ የኮሌጅ ተጫዋቾች ጭምር። ሰንሰለቱን የበጠሰችው ጃፓን ናት፤ በ1997 ባርሴሎና በተደረገው የኢንተርኮንቲኔንታል ዋንጫ ፍጻሜ 11 ለ 2።

በቤዝቦል ይህን ያህል ማሸነፍ ከእግር ኳስም ይከብዳል። በዚህ ጨዋታ አንድ ጎበዝ ወርዋሪ (ፒቸር) ጥሩ ቀን ከገጠመው ደካማውን ቡድን ይዞ ብርቱውን ይጥላል። ለዚህ ነው ረጅም የውድድር ዘመን ያላቸው ሻምፒዮኖች እንኳ ከአሥር ጨዋታ ሦስት አራቱን መሸነፋቸው እንደ ነውር የማይቆጠረው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ግን እኮ የተጋጠሙት ከአማተር ጋር ነው። የአሜሪካ ትልልቆቹ አልነበሩም። ይህ ሪከርድ ምን ዋጋ አለው?

የዚህ ሁሉ ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፣ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

ኩባ ውስጥ ፕሮፌሽናል ስፖርት የቀረው በ1961 ነው። በጥር 1962 ብሔራዊ ሊጉ (ሴሪ ናሲዮናል) ተጀመረ። ተጫዋቾቹ በስም አማተር ይባሉ እንጂ ሥራቸው ቤዝቦል ነበር፤ ዓመቱን ሙሉ አብረው ይለማመዳሉ፣ ብሔራዊ ቡድኑም ለዓመታት አይበተንም። በአንጻሩ አሜሪካ የምታመጣው በየክረምቱ የሚቀያየሩ የ20 እና የ21 ዓመት የኮሌጅ ልጆችን ነው፤ ጃፓን ደግሞ የኩባንያ ቡድኖች ተጫዋቾችን። የ30 ዓመት ሰው ከ20 ዓመት ልጅ ጋር ሲጋጠም ልዩነቱ ይታያል።

ሁለተኛው ነገር ዱላው ነው። እስከ 1990ዎቹ መጨረሻ በእነዚህ ውድድሮች የሚመታው በአልሙኒየም ዱላ ነበር። አልሙኒየም ኳሱ ዱላውን መሃል ላይ ባይመታው እንኳ ይወነጭፈዋል፤ እንጨት ግን እጀታው አካባቢ ከተመታ ይሰበራል፣ ኳሱም እዚያው ይወድቃል። እንደ ኩባ ኃይለኛ መቺ ለሚበዛበት ቡድን አልሙኒየም ትልቅ ድጋፍ ነው። የአትላንታው ፍጻሜ ጥሩ ማሳያ ነው፤ ኩባ 13፣ ጃፓን 9። ኩባ 6 ለ 2 ስትመራ የጃፓኑ ማትሱናካ ቤዞቹ ሞልተው ሳለ በመታው ሆም ረን (ኳሱን ከሜዳው አጥር የሚያሻግር ምት) ጃፓን 6 ለ 6 አደረገች፤ ከዚያ ኩባ ኳሱን አጥር እያሻገረች ጨረሰችው። ኦማር ሊናሬስ ብቻውን ሦስት ሆም ረን መታ። በሲድኒ 2000 እንጨት ሲመጣና ፕሮፌሽናሎች ሲፈቀዱ ኩባ በምድቧ በኔዘርላንድ፣ በፍጻሜው ደግሞ በአሜሪካ 4 ለ 0 ተሸነፈች። የአሜሪካው ፒቸር ቤን ሺትስ በዚያ ፍጻሜ ሦስት ምት ብቻ ነው የፈቀደላቸው።

ይህን ሁሉ ብዬ ግን «ዋጋ የለውም» ከሚለው ጋር አልስማማም። በ1999 የባልቲሞር ኦሪዮልስ፣ ሙሉ የሜጀር ሊግ (የአሜሪካ ከፍተኛው ሊግ) ቡድን፣ ከኩባ ጋር ሁለት ጊዜ ተጋጥሟል። ሃቫና ላይ ኦሪዮልስ 3 ለ 2 ያሸነፈው በ11ኛው ኢኒንግ ነው፤ ባልቲሞር ላይ ኩባ 12 ለ 6 አሸነፈች። ሁለት ጨዋታ ሙሉ ማስረጃ አይሆንም፣ ነገር ግን ያ ትውልድ ከትልልቆቹ ጋር መቆም እንደሚችል ያሳያል። ሊናሬስ፣ አንቶኒዮ ፓቼኮና ኦሬስቴስ ኪንዴላን በየትኛውም ሊግ ቦታ የሚያጡ ሰዎች አልነበሩም።

ጥያቄ፦ አጎቴ በደርግ ዘመን ኩባ ተልከው ከተማሩት አንዱ ነው። «ፔሎታ» እያለ ያወራል፣ ኩባ አሜሪካን ሁልጊዜ ትደቁስ ነበር ይላል። እውነቱን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ አዎ። ኩባውያን ጨዋታውን «ፔሎታ» (ኳስ) ነው የሚሉት። ኢስላ ዴ ላ ሁቬንቱድ፣ ብዙዎቹ የኛ ልጆች የተማሩባት ደሴት፣ የራሷ ቡድን በብሔራዊ ሊጉ ውስጥ አላት፤ ስለዚህ አጎትህ ጨዋታውን ቢያውቀው አይገርምም። በዚያ ዘመን የሚታወሰው ትልቁ ግጥሚያ የ1987ቱ የኢንዲያናፖሊስ ፓን አሜሪካ ነው። በምድብ ጨዋታው አሜሪካ 6 ለ 4 አሸነፈች፤ ፍጻሜው ላይ ግን ኩባ 13 ለ 9 መለሰች። አጎትህ ደሴቲቱ ላይ በነበረበት ዘመን ሽንፈት እምብዛም የማይሰማ ወሬ ነበር፣ ትዝታው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ የ1984 እና የ1988 ኦሊምፒክስ?

ቤዝቦል ያኔ ለማሳያ ብቻ ነበር። ኩባም ሁለቱንም አልተሳተፈችም፣ ሎስ አንጀለስንም ሴኡልንም።

ጥያቄ፦ ቤጂንግ 2008 ፍጻሜ መጨረሻው ላይ ምን ተፈጠረ? ጨዋታውን ሳላይ ቀርቼ እስካሁን ይቆጨኛል።

ደቡብ ኮሪያ 3 ለ 2 እየመራች 9ኛው ኢኒንግ ገባ። ኩባ ሦስቱንም ቤዝ ሞላች፣ አውቱ ገና አንድ ነው። ሦስተኛው ቤዝ ላይ ያለው ቢገባ እኩል ይሆናሉ፣ ሁለተኛው ላይ ያለው ከተከተለ ኩባ ታሸንፋለች። በዚህ መሃል የኮሪያው ካቸር (ከመቺው ጀርባ ሆኖ የተወረወረውን ኳስ የሚይዘው) በዳኛው ውሳኔ ተከራክሮ ከሜዳ ተባረረ፤ እስከዚያ ድረስ ሲወረውር የቆየው ሪዩ ህዩን ጂንም ወጥቶ ቾንግ ቴህዮን ገባ። ቾንግ እጁን ዝቅ አድርጎ ከጎን የሚወረውር ነው። የእንዲህ ያለ ሰው ኳስ ወደ ታች ይሰምጣል፣ መቺው ከላይ ስለሚነካው መሬት ለመሬት ይንከባለላል። ዩሊየስኪ ጉሪኤል መታ፣ ኳሱ ተንከባለለ፣ በአንድ ኳስ ሁለት አውት ሆነ፣ አለቀ። ጉሪኤልን ብዙ ሰው ወቅሶታል። ለእኔ ግን ክብሩ የአሰልጣኙ ነው፤ በዚያ ሰዓት የሚያስፈልገው የሚንከባለል ኳስ ነበር፣ እሱን የሚያመጣውን ሰው አስገባ።

ጥያቄ፦ ከእስራኤል ነኝ። እስራኤል ኩባን አሸንፋለች ሲሉኝ አላመንኩም።

እመኚ እህቴ። መጋቢት 2017፣ ቶኪዮ ዶም፣ እስራኤል 4 ኩባ 1። የእስራኤል ቡድን በአብዛኛው አይሁዳውያን አሜሪካውያን ነበሩ፤ የክላሲኩ ደንብ ለአንድ አገር ዜግነት ብቁ የሆነ ሰው እንዲጫወትላት ይፈቅዳል። በሜጀር ሊግ ረጅም ጊዜ የቆየው ጄሰን ማርኪስ ጀምሮ ወረወረ፣ ኩባ ያገኘችው ብቸኛ ነጥብ የአልፍሬዶ ዴስፓኜ ሆም ረን ነው። ኩባ በዚያ ዙር ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፈች፣ ለኔዘርላንድ 14 ለ 1 ጭምር። በታሪኳ ከከፉት ሳምንታት አንዱ ያ ነው።

ጥያቄ፦ በክላሲኩ ለምን እንዲህ ደከሙ? በ2006 እኮ ለፍጻሜ ደርሰው ነበር።

በ2006 መጀመሪያ አሜሪካ በማዕቀቡ ምክንያት ፈቃድ ከልክላቸው ነበር፤ ኩባ የሚደርሳትን ገንዘብ ለካትሪና አውሎ ነፋስ ተጎጂዎች እሰጣለሁ ካለች በኋላ ተፈቀደ። በምድቡ በፖርቶ ሪኮ 12 ለ 2 ተደቁሰው ሳለ ተነስተው ግማሽ ፍጻሜ ላይ ዶሚኒካንን 3 ለ 1 ጣሉ፣ ፍጻሜውን በጃፓን 10 ለ 6 ተሸነፉ። ከዚያ በኋላ በ2009፣ በ2013 እና በ2017 ሁለተኛውን ዙር አላለፉም።

የመጀመሪያው ምክንያት የሰው መውጣት ነው። በ1991 ሬኔ አሮቻ ሚያሚ አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ቡድኑን ጥሎ ቀረ። ሊቫን ኤርናንዴስ፣ ወንድሙ ኦርላንዶ፣ ሆሴ ኮንትሬራስ፣ ሆሴ አብሬው ተከተሉ፤ በ2016 ራሱ ዩሊየስኪ ጉሪኤል ከታናሽ ወንድሙ ጋር ወጣ። የወጣ ሰው ለብሔራዊ ቡድኑ አይጠራም ነበር። የሜጀር ሊጉ ቡድኖች በማዕቀቡ ምክንያት ኩባ ውስጥ የሚኖርን ሰው ማስፈረም አይችሉም፤ ተጫዋቹ መጀመሪያ በሌላ አገር መኖሪያ ማግኘት አለበት። ይህን ለማስቀረት በታኅሣሥ 2018 ስምምነት ተፈርሞ ነበር፣ የትራምፕ አስተዳደር በሚያዝያ 2019 ሰረዘው።

ሁለተኛው የውርወራ ገደብ ነው፣ ስለዚህ ብዙ ሰው አያወራም። በክላሲኩ አንድ ፒቸር በመጀመሪያው ዙር 65፣ ቀጥሎ 80፣ በግማሽ ፍጻሜና ፍጻሜ 95 ኳስ ብቻ ነው የሚወረውረው (በ2009 ብቻ በ5 ከፍ ብሎ ነበር)። 50 ከወረወረ አራት ቀን ማረፍ አለበት፣ 30 ከወረወረ አንድ ቀን። የድሮው ኩባ ጥቂት ምርጥ ወርዋሪዎችን ይዞ ውድድር ይጨርስ ነበር። አሁን 65 ኳስ በአራተኛው ወይም በአምስተኛው ኢኒንግ ያልቃል፣ ከዚያ በኋላ ሌላ ሦስት አራት ጥሩ ሰው ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የወጣበት ቡድን የሚሰበረው እዚህ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ 2023 ላይ ታዲያ እንዴት ግማሽ ፍጻሜ ገቡ? ሁለት አሸንፈው ሁለት ተሸንፈው አንደኛ ወጡ፣ ሒሳቡ አልገባኝም።

ጥሩ ጥያቄ ነው፣ ጋዜጠኞችም ተሳስተውበታል። በምድቡ አምስቱም ቡድኖች 2 አሸንፈው 2 ተሸነፉ። በእንዲህ ያለ ጊዜ የሚታየው እንደ እግር ኳስ ያስቆጠርከውና የተቆጠረብህ ልዩነት አይደለም። የተቆጠረብህን ነጥብ፣ ስትከላከል ባስወጣሃቸው ሰዎች ብዛት ታካፍላለህ፤ ትንሹ ቁጥር ያለው ይቀድማል።

ኩባ፦ ኔዘርላንድ 4፣ ጣሊያን 6፣ ፓናማ 4፣ ታይዋን 1 አስቆጠሩባት፣ ድምሩ 15። ያስወጣችው 108 ሰው። 15 ለ 108 ሲካፈል 0.139። ጣሊያን 17 ለ 108፣ 0.157። ኔዘርላንድ 19 ለ 102፣ 0.186። ኩባና ጣሊያን አለፉ።

የነጥብ ልዩነት ቢሆን ኖሮ ኔዘርላንድ በ6 ዕዳ መጨረሻ ትሆን ነበር። በትክክለኛው ሕግ መጨረሻ የወጣችው 31 ነጥብ የተቆጠረባት ታይዋን ናት፣ ለሚቀጥለው ውድድር ማጣሪያ የወረደችውም እሷ። ስለዚህ በ10 ነጥብ እየተመራህ እንኳ መከላከሉን መተው አይቻልም፣ እያንዳንዱ ነጥብ ሒሳብ ውስጥ ይገባል።

ከዚያ ኩባ ቶኪዮ ላይ አውስትራሊያን 4 ለ 3 አሸነፈች፣ ሚያሚ ላይ በአሜሪካ 14 ለ 2 ተሸነፈች። በዚያ ቡድን ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ የሜጀር ሊግ ተጫዋቾች፣ ዮአን ሞንካዳና ሉዊስ ሮበርት፣ የኩባን ማልያ ለበሱ። አሜሪካ ልዩ ፈቃድ ስለሰጠች ነው። በሩ ትንሽ ሲከፈት ቡድኑ ወዲያው ከአራቱ አንዱ መሆኑን ልብ በሉ።

ጥያቄ፦ ቶኪዮ ኦሊምፒክ ላይ ለምን አልነበሩም?

አላለፉም። በ2021 ፍሎሪዳ ላይ በተደረገው የአሜሪካ አህጉር ማጣሪያ በቬኔዙዌላና በካናዳ ተሸንፈው ቀሩ። ከ1992 ወዲህ ቤዝቦል ኖሮ ኩባ የሌለችበት የመጀመሪያው ኦሊምፒክ እሱ ነው።

ጥያቄ፦ አሁን ያሉት ጎበዞች የት ነው የሚጫወቱት? እነማንን ልከታተል?

ከ2013 ወዲህ መንግሥት ተጫዋቾችን በውል ወደ ውጭ ይልካል፣ በተለይ ወደ ጃፓን። እነዚህ «የወጡ» አይባሉም፣ ለብሔራዊ ቡድኑ ይጠራሉ። ዴስፓኜ በዚህ መንገድ ነው የሄደው። አሁን የምትከታተለው በጃፓን ክለቦች ያሉትን፣ ሊቫን ሞይኔሎን በሶፍትባንክ፣ ራይዴል ማርቲኔስን ደግሞ በዮሚዩሪ ነው። ሞይኔሎ ግራኝ ነው፣ ጀምሮ ይወረውራል፤ ራይዴል የሚገባው 9ኛው ኢኒንግ ላይ፣ ጨዋታ ሲዘጋ ነው። የጃፓን ጨዋታ በኛ ሰዓት ከሰዓት በፊትና ቀትር አካባቢ ስለሚውል አዲስ አበባ ሆኖ ለማየት ከአሜሪካው ይልቅ ይመቻል።