መልስ፦ 3 በመቶ ማለት አበቃ ማለት አይደለም
ወንድሜ፣ የዘር ፈሳሽ ምርመራህን ውጤት አይተህ «ጤናማ ቅርጽ ያለው ስፐርም 3 በመቶ ብቻ ነው፣ ነጭ የደም ሴልም በዝቷል፤ አበቃልኝ ማለት ነው?» ብለሃል። አላበቃልህም! የዓለም ጤና ድርጅት ዝቅተኛ መለኪያ ራሱ 4 በመቶ ነው፤ ልጆች የወለደ ሰውም ቢሆን አብዛኛው ስፐርሙ ቅርጹ የተዛባ ነው።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ነጭ የደም ሴሉ ነው። በአንድ ሚሊ ሊትር የዘር ፈሳሽ ከ1 ሚሊዮን ሲበልጥ የፕሮስቴት (ከፊኛ ሥር ያለው የወንድ ዕጢ) ወይም የዘር ቱቦ ብግነት (መቆጣት) ሊኖር ይችላል፤ ብግነቱም የስፐርሙን ሽፋንና ዘረመል ሊጎዳ ይችላል። እባክህ አንቲባዮቲክ በግምት አትግዛ፤ መጀመሪያ የሽንትና የአባላዘር ምርመራ አድርግ፣ ባለቤትህም አብራህ ትመርመር። ስፐርም ተሠርቶ እስኪወጣ 3 ወር ገደማ ስለሚፈጅ የዘር ፈሳሽ ምርመራውን ያኔ አስደግመው። ናሙናውን ከቤት የምትወስድ ከሆነ ከሸሚዝህ ሥር ወደ ሰውነትህ አስጠግተህ በአንድ ሰዓት ውስጥ አድርስ፤ በድሬዳዋ ፀሐይ የባጃጅ ወንበር ላይ እንዳታስቀምጠው።