የክብደት መቀነሻ ማዕከሉ ተዘጋ፤ ቀሪ ገንዘቤን ከማን ልጠይቅ?

ጥያቄ፦ የምኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። ለ24 ሳምንት የክብደት መቀነሻ ፕሮግራም 36,000 ብር አስቀድሜ ከፈልኩ። በየሳምንቱ መመዘን፣ ከአማካሪ ጋር መነጋገርና በምግብ ፈንታ የሚጠጣ ዱቄት መውሰድ ነበረው። «12 ኪሎ ካልቀነሱ ገንዘብዎ ይመለሳል» የሚል ወረቀት ሰጥተውኛል፤ የደረሰኙ ግርጌ ግን «የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» ይላል። 9 ሳምንት ሄጄ ቤቱ ተዘጋ። ባለቤቱን በስልክ ሳገኘው «የውጭዎቹ እነ ዌይት ዋቸርስም ከስረዋል፤ መርፌው ገበያውን ገደለው፤ መንገድም እየተዘጋ ዱቄት አልገባም» አለኝ። ሦስት ጓደኞቼን አስመዝግቤ በእያንዳንዳቸው 1,500 ብር ተሰጥቶኝ ነበር። አሁን እነሱ እኔን እንከስሻለን ይላሉ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ባለቤቱ ስለ ውጭዎቹ የነገሩዎት ከፊሉ እውነት ነው፤ ለእርስዎ ግን መልስ አይሆንም። ዌይት ዋቸርስ እ.ኤ.አ. በ1963 በኒው ዮርክ ጂን ኒዴች ከመሠረቱት ጀምሮ ሰው በየሳምንቱ እየከፈለ በሚሰበሰብበት አሠራር ያደገ ድርጅት ነው። በኋላ ነፃ የስልክ መተግበሪያዎች መጡ፤ ከ2021 ወዲህ ደግሞ እንደ ዌጎቪ ያሉ የክብደት መርፌዎች ደንበኛውን ወሰዱበት። በግንቦት 2025 ወደ 1.15 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ ዕዳ ለማቃለል በአሜሪካ የኪሳራ ሕግ ምዕራፍ 11 አመለከተ። ይህ ምዕራፍ ዕዳን የሚያስተካክል እንጂ ድርጅትን የሚዘጋ አይደለም፤ አባላቱም አገልግሎት ማግኘታቸውን ቀጠሉ። በ2023 የተዘጋው ሌላው የአሜሪካ የክብደት መቀነሻ ድርጅት ጄኒ ክሬግ ግን የገባው ንብረት ተሽጦ ለገንዘብ ጠያቂዎች በሚከፋፈልበት በምዕራፍ 7 ነው። ሁለቱም ፍርድ ቤት ቀርበው ዕዳቸውን አሳውቀዋል። በር ቆልፎ መሄድ ከዚህ ጋር አይገናኝም። በእኛም አገር በንግድ ሕጉ፣ በአዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ነጋዴን ከሳሪ የሚያሰኘው የፍርድ ቤት ውሳኔ ነው። ውሳኔ ከተሰጠ ገንዘብዎን በኪሳራው መዝገብ ያስመዘግባሉ፤ እስካልተሰጠ ድረስ እንደማንኛውም ባለዕዳ ይከሷቸዋል።

«መርፌው ገበያውን ገደለው» የሚለውም ከአቅም በላይ የሆነ ኃይል አይደለም። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1792 የሚጠይቀው አስቀድሞ ሊታሰብ የማይችልና ውሉን መፈጸም ፈጽሞ የሚከለክል ነገር ነው። ደንበኛ ማነሱ ነጋዴው ራሱ የሚሸከመው ጉዳት ነው። የመንገዱ ጉዳይ ከዚህ ይለያል፤ በአካባቢያችን መንገድ የተዘጋባቸው ጊዜያት እንደነበሩ ዳኛውም ያውቃል። ሆኖም ዱቄቱ በየትኛው ሳምንት ታዝዞ የት እንደቀረ ማስረዳት የባለቤቱ ሸክም ነው፤ መመዘንና ምክር ደግሞ በመንገድ መዘጋት አይቋረጥም። ቢያስረዱ እንኳ ከጉዳት ካሣ ይድናሉ እንጂ ያልሰጡትን አገልግሎት ዋጋ ይዘው መቅረት አይችሉም።

«የተከፈለ ገንዘብ አይመለስም» የሚለው አያስፈራዎት። አንዱ ወገን አዘጋጅቶ ሌላውን የሚያስፈርምበት ቃል ሲያጠራጥር የሚተረጎመው ላልጻፈው ወገን ነው (ቁጥር 1738)። ያ መስመር በራሱ ፈቃድ ለሚያቋርጥ ደንበኛ እንጂ በሩን ለዘጋ ነጋዴ አይደለም ብለው ይከራከሩ፤ ክርክሩ ጠንካራ ነው።

ስሌቱ ይህ ነው። 36,000 ለ24 ሲካፈል ለአንድ ሳምንት 1,500 ብር ይመጣል። የ9 ሳምንቱን 13,500 ተጠቅመውበታል፤ የቀሪው የ15 ሳምንት 22,500 ብር ነው። ሙሉውን 36,000 ለመጠየቅ የ12 ኪሎውን ዋስትና መጥቀስ ይቻላል፤ ተከሳሹ ግን «24 ሳምንት አልጨረሰችም» ይላል። ስለዚህ ክሱ ላይ ሙሉውን ጠይቀው 22,500ውን በአማራጭ ያስቀምጡ። ከማስጠንቀቂያው ጀምሮ በቁጥር 1751 መሠረት በዓመት 9 በመቶ ወለድ ይታሰባል፤ በ22,500 ላይ በዓመት 2,025 ብር ማለት ነው።

እንዲህ ያለ መዝገብ ብዙ ጊዜ የሚሰናከለው በተከሳሹ ማንነት ነው። በር ላይ የተጻፈው የንግድ ስም በሕግ ፊት ሰው አይደለም፤ ሊከሰስም አይችልም። የምትመዝንዎት አማካሪም ተቀጣሪ ናት፤ እሷን በመክሰስ ጊዜ አያባክኑ። ከክሱ በፊት ወደ ከተማው ንግድና ገበያ ልማት መሥሪያ ቤት ሄደው ፈቃዱ በማን ስም እንደወጣ ይጠይቁ፤ ደረሰኙ ላይ ያለው የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ይረዳዎታል። ፈቃዱ በግለሰብ ስም ከሆነ ባለቤቱ በግል ንብረታቸው ሁሉ ይጠየቃሉ። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከሆነ የሚከሱት ማኅበሩን ነው፤ የባለቤቱ መኖሪያ ቤትም በመርሕ ደረጃ አይነካም።

ቀጥሎ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይስጡ። ቁጥር 1772 ግዴታውን እንዲፈጽም ሳያስጠነቅቁ አልፈጸመም ማለትን አይፈቅድም። በሁለት ቅጂ አዘጋጅተው ውሉ የተፈረመበትን ቀን፣ የከፈሉትን፣ ያልተሰጠዎትንና የሚጠይቁትን ብር ይጻፉ፤ 15 ቀን ይስጡ፤ አገልግሎቱ በዚያ ጊዜ ካልቀጠለ ውሉ እንደሚሰረዝ ይግለጹ። በአንዱ ቅጂ ላይ ያስፈርሙ። አልቀበልም ካሉ በፖስታ ቤት በአደራ ደብዳቤ ልከው የተላከበትን ደረሰኝ ይያዙ። የባንክ ማስተላለፊያውን፣ የቴሌግራም መልእክቶቹን፣ የሚዛን ካርዱንና የቀረውን ዱቄት ከነማሸጊያው ያስቀምጡ። ዱቄቱን ግን አይጠጡት፤ የማብቂያ ቀኑንና በምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገቡን ማንም አላረጋገጠልዎትም።

15 ቀኑ ሲያልፍ ውሉ የተፈረመው ደብረ ብርሃን ስለሆነ እዚያው መክሰስ ይችላሉ (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 24)። ባለቤቱ ግለሰብ ነጋዴ ከሆኑ የከተማው ወረዳ ፍርድ ቤት ይበቃል። በፌዴራል መንግሥት አካል የተመዘገበ ማኅበር ከሆነ ግን የዞኑን ከፍተኛ ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ይጠይቁ፤ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ሥልጣን ያለው እሱ ነው። ሚዛኑ፣ ወንበሩና ማቀዝቀዣው እየተጫነ ከሆነ አይዘግዩ። ከክሱ ጋር በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 151 የቅድሚያ ማስከበሪያ አቤቱታ፣ ማለትም ፍርድ እስኪሰጥ ዕቃው እንዳይሸሽ የሚጠይቅ ማመልከቻ፣ በቃለ መሐላ ያቅርቡ፤ ዕቃው የት እንዳለና መጓዙን ያየ ሰው ማን እንደሆነ ይግለጹ። «ሊያሸሹ ይችላሉ» ብቻ ካሉ ዳኛው አይቀበለውም።

ፖሊስ ጋ መሄድ ያስቡ ይሆናል። ማታለል ለማለት ገንዘቡን ሲቀበሉ አገልግሎቱን እንደማይሰጡ ያውቁ እንደነበር ማስረዳት ያስፈልጋል። የኪራይ ውሉ እንደሚያበቃ እያወቁ የ24 ሳምንት ክፍያ ሲሰበስቡ ከነበረ ግን ይህንን ይዘው ያመልክቱ።

የጓደኞችዎ ነገር ገንዘቡ በሄደበት መንገድ ይወሰናል። በቀጥታ ለማዕከሉ ከፍለው የማዕከሉን ደረሰኝ ከያዙ ውላቸው ከማዕከሉ ጋር ነው፤ በሌላ ሰው ስም በተሰጠ ሥልጣን የሠራ ሰው በግሉ አይጠየቅም (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2189)። «እኔ አለሁላችሁ» ብለው ቢሆን እንኳ ዋስትና የሚጸናው በጽሑፍ ሲሆን ነው (ቁጥር 1725)። ገንዘቡ በእርስዎ የባንክ ሂሳብ አልፎ ከሆነ ግን ያስተላለፉበትን ማስረጃ ዛሬውኑ ከባንኩ ያውጡ፤ ሳያስተላልፉት የቀረ ካለ ይመልሱ። ሌላም ልብ ይበሉ፤ ሰው በማስመዝገብ ብዛት ገቢ የሚያስገኝ የፒራሚድ ሽያጭ በሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 የተከለከለ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ ማንንም አያስመዝግቡ፤ የተቀበሉትን 4,500 ብርም ለጓደኞችዎ ሳይደብቁ ይንገሯቸው። ከዚያ በኋላ አራታችሁም በሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 35 መሠረት በአንድ መዝገብ ከሳሽ ሆናችሁ መቅረብ ትችላላችሁ፤ አንዷ ለሌላዋ ምስክር ለመሆን ከፈለገች ግን የሷን ክስ ለብቻው ብትይዝ ይሻላል።